አጃ የትኛው ነው? ስለ ሴሊያክ እና ስለ ሥነ ምግብ ባለሙያ

የዚህ ሳምንት ቃላችን አጭር ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፦ አጃ።

ብዙዎቻችሁ ቃሉን ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። አንዲት ሴት ስትወልድ የአጃ አጥሚት ይሠራላታል። ልጅ ሲከሳ፣ ወይም ሰው ከሕመም ሲያገግም፣ «አጃ ጠጣ፣ ያበረታሃል» ይባላል። አጃ በእኛ ባህል የፍቅር ምግብ ነው። በእኛ ቤት ግን ይህ ቃል አንዲት ልጅን ለወራት አሳመመ። ታሪኩን ልንገራችሁ። በዚያውም ስለ ሴሊያክ በሽታ፣ ስለ ሥነ ምግብ ባለሙያ እና ስለ ክትትል እንነጋገራለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጨጓራ ይሆናል»

የእህቴ ልጅ የተወለደችው እዚህ ኦሮራ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ሆዷ ይነፋ ጀመር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሶፋው ላይ ወድቃ ትተኛለች። ቁመቷም ከክፍል ጓደኞቿ ወደ ኋላ ቀረ። እኛ ምን አልን? «ጨጓራ ይሆናል» አልን። ሐበሻ ቤት የሆድ ሕመም ሁሉ መጀመሪያ ጨጓራ ነው። ዝንጅብል አፍልተን ሰጠናት፣ በርበሬ ቀነስንላት፣ ወተትም ከለከልናት። ምንም ለውጥ የለም።

በመጨረሻ ሐኪሟ ደሟን አስመረመረች። የደም ማነስ ተገኘባት። ሐኪሟ ግን የብረት ኪኒን ሰጥታ ብቻ አልሸኘቻትም። «ልጅቷ ትበላለች፤ ታዲያ ብረቱ የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች። ሌላ የደም ምርመራ አዘዘች። ከዚያ በቀጭን ካሜራ አንጀቷ ታየ፤ ከአንጀቷም ትንሽ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። መልሱ ሴሊያክ ነበር።

ሴሊያክ ምንድን ነው?

ስንዴ፣ ገብስ እና ራይ የተባለው እህል ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ሊጥ ሲለጠጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የስንዴን ሊጥ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ግሉተን ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ይሳሳታል። ጠላት መጣ ብሎ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል።

የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ምንጣፍ ነው። ብዙ ጣት የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉት። ምግብን ወደ ደም የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። በሴሊያክ ጊዜ እነዚህ ጥቃቅን ጣቶች ይጎዳሉ፤ ምንጣፉ ይላጫል። ስለዚህ ሰው እየበላም ብረት፣ ካልሲየም እና ቫይታሚን ያጥረዋል። አንዱ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ሌላው የሆድ ድርቀት፤ አንዷ ደም ያንሳታል፣ ሌላዋ አጥንቷ ይሳሳል። ምንም ምልክት የማይታይበት ሰውም አለ። ሴሊያክ አለርጂ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በዘር ግን ይወረሳል።

ስንዴ ጥፋተኛ መሆኑን ያሳየው ቪለም ዲከ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 ክረምት፣ በአገሩ ከባድ ረኃብ ገባ። ዳቦ ጠፋ። ዲከ ግን ከጦርነቱ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር። ያ የረኃብ ዘመን ጥርጣሬውን አጠናከረለት፤ ሥራውንም በ1950 አሳተመ። እስከ ዛሬ ድረስ መድኃኒቱ ያው ነው፦ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው። ኪኒን የለውም። ለዚህ ነው በሴሊያክ ሕክምና የሥነ ምግብ ባለሙያ ዋና ሰው የሚሆነው። መድኃኒቱ ምግብ ከሆነ፣ የምግብ ባለሙያው እንደ ፋርማሲስት ነው ማለት ነው።

በሽታው እዚህ ቅርባችን ነው

ሴሊያክ የነጮች በሽታ ብቻ ነው የሚል ወሬ ትሰሙ ይሆናል። አትቀበሉት። በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሆኑት ቁጥሮች አንዱ የተገኘው በአፍሪካ፣ በምዕራብ ሰሃራ ሕዝብ መካከል ነው።

ዴንቨርና ኦሮራ ደግሞ ይህ በሽታ በደንብ ከተጠናባቸው ቦታዎች ናቸው። በ1993 ዴይዚ የተባለ ጥናት እዚህ ተጀመረ። ተመራማሪዎቹ ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። በ2017 ባወጡት ጽሑፍ፣ በዴንቨር አካባቢ ከ100 ልጆች 3ቱ ገደማ 15 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሴሊያክ እንደሚይዛቸው ገመቱ። በአጠቃላይ ሕዝብ ሲታሰብ ግን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ100 ሰው 1 ገደማ ነው ይባላል። ሌላው ጥናት አስክ ይባላል። የሚመራው ኦሮራ ካለው ከባርባራ ዴቪስ ማእከል ሲሆን፣ የኮሎራዶ ልጆችን ለዓይነት 1 የስኳር በሽታ እና ለሴሊያክ አብሮ መርምሯል። ሁለቱ በሽታዎች ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ አንዱ ያለበት ልጅ ሌላውም ሊኖርበት ይችላል።

ከኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ያለውን ትልቁን የአንሹትዝ የሕክምና ግቢ ታውቁታላችሁ። ችልድረንስ ሆስፒታል ኮሎራዶ በ2007 ወደዚያ ተዛውሯል። ለሴሊያክ ራሱን የቻለ ማእከልም አለው። ሐቫና ጎዳና ላይ እንጀራ ከምንገዛበት ሱቅ እስከዚያ ድረስ በመኪና ሩቅ አይደለም።

የሥነ ምግብ ባለሙያ ምን ይሠራል?

በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ባለሙያዎችን ሰብስቦ ስለ ሴሊያክ ሕክምና ስድስት ነጥቦችን አወጣ። ባጭሩ እንዲህ ናቸው፦ በሙያው የበሰለ የሥነ ምግብ ባለሙያ ማማከር፤ ስለ በሽታው መማር፤ ዕድሜ ልክ ግሉተንን መተው፤ የጎደለውን ቫይታሚንና ማዕድን ለይቶ መተካት፤ በሽታው ካለባቸው ሰዎች ማኅበር ጋር መገናኘት፤ ለረጅም ጊዜ የማይቋረጥ ክትትል ማድረግ። የመጀመሪያው ነጥብ ባለሙያው፣ የመጨረሻው ክትትሉ መሆኑን ልብ በሉ። እኛ አንደኛውን አደረግንና ስድስተኛውን እንደ ትርፍ ነገር ቆጠርነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ደስ የሚል ነበር። ባለሙያዋ አንድ ወረቀት ሰጠችን። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ፒዛ፣ ሲሪያል፣ ኬክ፣ ቢራ ላይ ሁሉ መስመር ተሰምሮባቸዋል። እህቴ ራሷን ነቀነቀች። ባለሙያዋም «እናንተ ጤፍ ትበላላችሁ፤ ጤፍ ግሉተን የለውም» አለችን። ደስ አለን፤ ኮራንም። ግን በወረቀቱ ላይ በሶ የለም። ቂንጬ የለም። ቆሎ የለም። ባለሙያዋ ስላላወቀቻቸው አልጠየቀችም፤ እኛም ስላልተጠየቅን አልተናገርንም።

እህቴ ብልህ ስለሆነች በሶውንና ቂንጬውን ራሷ አስቀረች። በስድስት ወሩ የደም ምርመራው ቁጥር ወረደ። ልጅቷም ቀለሟ ተመለሰ። «ዳነች» አልን። ከዚያ እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች።

ሻንጣው ሲከፈት

የሐበሻ እናት ሻንጣ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ከሥር ደግሞ በፌስታል ተቋጥሮ አጃ። እናቴ የልጅ ልጇን ስታይ «ይቺ ልጅ እንዴት ከስታለች!» አለች። በማግስቱ አጥሚት መሥራት ጀመረች።

እህቴ ዝም አላለችም። ወደ ክሊኒኩ ደውላ፣ በስልክ አስተርጓሚ በኩል «ልጄ አጃ ትችላለች?» ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚው አጃን «ኦትስ» ብሎ ተረጎመው። መልሱም «ከስንዴ ጋር ያልተነካካ ንጹሕ ከሆነ፣ በትንሽ በትንሹ መሞከር ትችላለች» የሚል ሆነ። ይህ ለኦትስ ትክክለኛ መልስ ነው። ሴሊያክ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ንጹሕ ኦትስ መብላት ይችላሉ። ስለዚህ ማንም አልዋሸም፤ ማንም ቸልተኛ አልነበረም። ልጅቷም ጠዋት ጠዋት አጥሚቷን ጠጣች።

በዓመቱ ቀጠሮ የደም ምርመራው ቁጥር ተመልሶ ከፍ አለ። ሆዷም እንደገና ይነፋ ጀምሮ ነበር። እህቴ አለቀሰች። «እኔ ሁሉንም አድርጌአለሁ» አለች። ባለሙያዋ አልተቆጣችም። ወረቀቱን ወደ ጎን ትታ ወደ ልጅቷ ዞረችና «ትናንት ከእንቅልፍሽ ከተነሳሽ ጀምሮ የበላሽውንና የጠጣሽውን ሁሉ ንገሪኝ» አለቻት።

«የአያቴን አጥሚት» አለች ልጅቷ።

«ከምን ይሠራል?»

«ከኦትስ» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

«በሚቀጥለው ስትመጡ እህሉን ይዛችሁልኝ ኑ» አለች ባለሙያዋ። «እስከዚያው አጥሚቱ ይቁም።»

በሁለት ሳምንቱ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ፌስታሏን ይዛ አብራን ገባች። ባለሙያዋ ፍሬውን በመዳፏ አድርጋ ገለባበጠችው። «ይህ ኦትስ አይመስለኝም» አለች። አስተርጓሚው ይህን ሲነግራት እናቴ ተገረመች። «አጃ እኮ የስንዴ ወገን ነው» አለች። «ያውም ከስንዴ የሚበልጥ!»

ክፍሉ ጸጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጃ የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ እህሎች ያገለግላል። አንዱ አሜሪካኖች ኦትስ የሚሉት ነው። ሌላው በእንግሊዝኛ ኤመር የሚባለው ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ነው፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ ፋሮ ተብሎ ሲሸጥም ታገኙታላችሁ። ኤመር ስንዴ ስለሆነ ግሉተን አለው። እናቴ ይህን ሁልጊዜ ታውቅ ነበር። የጠየቃት ግን አልነበረም።

እናቴ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። «እኔ ነኝ እንግዲህ ልጄን ያሳመምኳት?» አለች። ባለሙያዋ እጇን ይዛ «እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ መቼም አላውቅም ነበር» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ትልቋ የግሉተን ዘበኛ እናቴ ናት። እንግዳ ዳቦ ይዞ ሲመጣ ከበር ትቀበለውና ለብቻ ታስቀምጠዋለች።

ወጥ ቤታችንን ለባለሙያው እናስረዳ

የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያ ግሉተንን ያውቃል። አያቶቻችን እህሉን ያውቃሉ። እናንተ ሁለቱንም ቋንቋ የምትሰሙ ልጆች በመካከል ናችሁ። ስለዚህ ወደ ቀጠሮ ስትሄዱ ይህን ይዛችሁ ሂዱ።

ግሉተን ያላቸው የእኛ ምግቦች፦ ድፎ ዳቦ፣ አምባሻ እና ሙልሙል ከስንዴ ይሠራሉ። ጨጨብሳ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ እና ዳቦ ቆሎም አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ነው የሚሠሩት። ቂንጬ የተከካ ስንዴ ወይም ገብስ ነው። በሶ ገብስ ነው። ገንፎ ብዙ ጊዜ ከገብስ ወይም ከስንዴ ይሠራል። ቆሎ ውስጥ ገብስና ስንዴ አለ። ጠላ በብቅል ይጠመቃል። ብቅል ማለት እንዲበቅል ተደርጎ የደረቀ እህል ነው፤ ብዙ ጊዜ ገብስ ነው።

በተፈጥሮአቸው ግሉተን የሌላቸው፦ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ተልባ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ እንዲሁም ከእንሰት የሚሠሩት ቆጮና ቡላ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬም እንዲሁ።

መጠየቅ ያለባቸው፦ እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። የመጀመሪያው እንጀራ ነው። በ2005 የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው፣ ሴሊያክን የሚቀሰቅሰውን ግሉተን እንዳላገኙባቸው በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ስለዚህ ጤፍ በራሱ ችግር የለበትም። በአሜሪካ የሚሸጥ እንጀራ ግን ሁሉ ንጹሕ ጤፍ አይደለም። የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የሚቀላቀልበት ብዙ ነው። ቀለሙ ጠቆር ስላለ ብቻ አትመኑ። ፌስታሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ጽሑፍ ከሌለው ጋጋሪዋን በአክብሮት ጠይቋት።

ቤት ውስጥ የሚጋገር እንጀራም ጥያቄ አለው። እርሾው ከየት መጣ? ስንዴ ካለበት ሊጥ የተቀመጠ እርሾ ስንዴውን ይዞ ይመጣል። ምጣዱ ላይ ዳቦ ይጋገርበታል ወይ? ማሰሻው የጋራ ነው ወይ? ዱቄቱ የተፈጨው ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ ነው ወይ? ሽሮና በርበሬም እዚያው ወፍጮ ገብተው ሊሆን ይችላል። ሬስቶራንት ውስጥ ደግሞ ወጡ ደህና ሆኖ እንጀራው ችግር ሊኖረው ይችላል፤ ያ እንጀራ ከሥር ሆኖ ወጡ ከላይ ሲፈስበት ሁሉም ተነካካ ማለት ነው።

የታሸገ ምግብ ስትገዙ

በ2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አንድ ደንብ አወጣ። ማሸጊያው ላይ «ግሉተን ፍሪ» የሚል ምግብ በ1 ኪሎግራም ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን ብቻ ነው ሊኖረው የሚችለው። ይህ ጽሑፍ ካለ ሥራችሁ ቀላል ነው። ከሌለ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሕጉ ስንዴ በአለርጂ ማስጠንቀቂያው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ገብስንና ራይን ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ «ስንዴ የለውም» ማለት «ግሉተን የለውም» ማለት አይደለም። «ባርሊ»፣ «ሞልት» እና «ራይ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ሞልት ብቅል ነው።

የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራ መከልከል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙ የታሸጉ ግሉተን የሌላቸው ዳቦዎችና ብስኩቶች ብረትና ፎሊክ አሲድ አይጨመርባቸውም፤ የተለመደው የስንዴ ዱቄት ግን ይጨመርበታል። ልጅ ስንዴ ትታ ነጭ ሩዝና ቺፕስ ብቻ ብትበላ ሌላ ጉድለት ይመጣባታል። ባለሙያዋ የእህቴን ልጅ ሳህን ያስተካከለችው በምስር፣ በጎመን፣ በእንቁላል እና በንጹሕ ጤፍ ነው። ሁሉም የእኛ ምግብ ነው።

አስተርጓሚ መብት ነው

ብዙዎቻችሁ ለወላጆቻችሁ ሐኪም ቤት አስተርጉማችሁ ታውቃላችሁ። ይህ ከባድ ሸክም ነው። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው። የ2010ሩ የጤና ሕግ ደንቦች ደግሞ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር በልጅ አስተርጓሚነት መጠቀምን ይከለክላሉ። ስለዚህ ቀጠሮ ስታስይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ማለት ልመና አይደለም።

አስተርጓሚ ሲኖርም ግን የእናንተ ሥራ አያልቅም። አስተርጓሚው ቃሉን ያስተረጉማል፤ ፌስታሉ ውስጥ ያለውን እህል ግን አላየም። ፎቶ አንሱ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። ፍሬውን በትንሽ ዕቃ ቋጥሩ። አያታችሁንም «ይህ ከምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። አማርኛ የምንማርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ክትትሉ እንዴት ነው?

በሽታው ከታወቀ በኋላ የመጀመሪያው ክትትል ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀጥሎ በዓመቱ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይሆናል። የደም ምርመራው ሰውነት አሁንም እየተዋጋ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ብረት፣ ቫይታሚን ዲ እና ቢ12 ይታያሉ። የልጆች ቁመትና ክብደት ይለካል፤ ለአዋቂ የአጥንት ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። «አሁን ደህና ነኝ» ብላችሁ አትቅሩ። የእህቴ ልጅ የዓመቱን ቀጠሮ ብትዘልል ኖሮ እስከ ዛሬ አጥሚቱን ትጠጣ ነበር።

ሦስት ነገሮች አትርሱ። አንደኛ፣ ሳትመረመሩ ግሉተን አታቁሙ፤ ካቆማችሁ ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል። ሁለተኛ፣ በቤት አንድ ሰው ካለበት ወላጅ፣ ወንድም፣ እህትና ልጅ መመርመር አለባቸው። በነሱ ላይ ዕድሉ ከ10 ሰው ወደ 1 ይጠጋል። እህቴም ልጇ ከታወቀባት በኋላ ተመረመረች፤ ነጻ ሆነች። ሦስተኛ፣ ስለ ክፍያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ የአያቶቻችን ሜዲኬር የሥነ ምግብ ሕክምናን የሚሸፍነው ለስኳር በሽታና ለኩላሊት ነው፤ ሴሊያክ በዚያ ዝርዝር የለም። ባለሙያ ስትመርጡም «ሬጅስተርድ ዳይቲሺያን» የሚል ማዕረግ እንዳለው ጠይቁ።

ከማዕድ ሳይለዩ

ከሁሉ የሚከብደው በሽታው ሳይሆን ማዕዱ ነው። እኛ ከአንድ ትሪ እንበላለን። በአንድ እጅ እንጎርሳለን፣ በዚያው እጅ እናጎርሳለን። በልደት፣ በማኅበር፣ በኢድ ሳምቡሳ ላይ «አልበላም» ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል። የእህቴ ልጅ አንድ ጊዜ ጉርሻ እንቢ ስትል አንዲት ትልቅ ሴት ተቀየሟት። አሁን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተምራለች፦ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ስንዴና ገብስ ያሳምመኛል። በእርስዎ እጅ የተሠራ ምስር ግን እወዳለሁ።» ከዚያ በኋላ የሚቀየማት አላየሁም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ቁርባኑ የሚዘጋጀው ከስንዴ ነው። ይህን ብቻችሁን አትወስኑት፤ ለሐኪማችሁም ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። የአበው ቃል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል።

እናቴ ባለፈው ወር እንደገና መጣች። ሻንጣው ሲከፈት ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። እናቴ አንዱን ፌስታል አነሳችና «ይህ ጤፍ ነው፤ ለብቻው ነው የተፈጨው፤ ወፍጮ ቤቱን አስጠርጌ ቆሜ አስፈጭቼዋለሁ» አለቻት። ልጅቷም ሳቀችና «እማማ፣ አጃስ?» አለች።

«አጃውን ለጎረቤት ሰጠሁት» አለች እናቴ።

የሳምንቱ ቃላት

አጥሚት፦ ከዱቄት የሚሠራ፣ የሚጠጣ ቀጭን ገንፎ።
ብቅል፦ ውኃ ነክቶት ከበቀለ በኋላ የደረቀ እህል።
እርሾ፦ ሊጥ እንዲቦካ የሚጨመር፣ ከቀድሞው ሊጥ የተቀመጠ ፈሳሽ።
ማሰሻ፦ ምጣድን ለማጽዳትና ለማለስለስ የሚያገለግል ጨርቅ።
ክትትል፦ ከሕክምና በኋላ በየጊዜው እየተመለሱ መታየት።
መቀየም፦ በሰው ሥራ ወይም ንግግር ማዘን፣ ቅር መሰኘት።

የሳምንቱ ሥራ፦ ዛሬ ማታ ከቤታችሁ ቁም ሣጥን ሦስት ዱቄት አውጡ። «ይህ ከምን ተፈጨ?» ብላችሁ ትልልቆቹን ጠይቁ፤ መልሱንም በአማርኛ ጽፋችሁ ዕቃው ላይ ለጥፉ። ደህና ሰንብቱ።